አምባዛ እና አስታራቂው ሽመላ

ላልሰማ ልንገር፤ የሰማም ጆሮውን አይንሳኝ። ታላቁ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ አምባዛ የተባለች ቁጡ ዓሣ እንቁላሏን ደንገል ሥር ጥላ ትጠብቅ ነበር። ባሕሩ ከፍ ከፍ እያለ ጨዋማ ውሃውን ወደ ወንዙ ቢያስገባባት፣ ሽመላን ለሽምግልና ጠራች።

«አባ ሽመላ፣ ልጆቼ በጨው ሊያልቁብኝ ነው፤ ይህን ጎረቤት ወሰኑን ያስይዙልኝ!» አለች።

ባሕሩም «እኔ ምን ላድርግ? የሩቅ አገር በረዶ ቀልጦ ላዬ ላይ ፈሰሰ። ገፉኝ፣ ገፋሁ» አለ።

ሽመላ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጉርብትና በትዕግሥት ነው፤ አንድ ክንድ ልቀቂለትና በሳምንቱ እንገናኝ» ሲል ፈረደ።

በሳምንቱ ሽመላ የተቀመጠበት ድንጋይ ሰጥሞ ስለነበር፣ ወደ ላይ ፈቀቅ ብሎ ያንኑ ፍርድ ደገመው። በሦስተኛው ቀጠሮ ደንገሉ በጨው ደርቆ ነበር፤ ከእንቁላሉም አንድ እንኳ አልተፈለፈለም።

«እመት አምባዛ፣ እስኪ አንድ ክንድ ብቻ...» ብሎ ሲጀምር፣ አምባዛ እግሩን ነክሳ ያዘችው።

«የፈረዱልኝን ውሃ ጠጥተው ይሂዱ!»

«ይቅርብኝ፤ እኔን እንኳ ጨው አይስማማኝም» አለ ሽመላ፣ ትሕትናው ሳይጎድል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም ጨው ባልነካው ውሃ አብሱ።