ፊቷን ወደ ግንድ ያዞሯት ሚዳቋ

አንበሳ በሚገዛው ደን ውስጥ ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱም የድምፅ ሥርዓት ነው። ጮክ ብሎ የተናገረ አዋቂ፣ ዝግ ብሎ የተናገረ ጅል፣ ዝም ያለ ደግሞ ባዶ ተብሎ ይቆጠራል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ተረት እዚያ ደን አልደረሰም። ሕጉን ማን እንዳወጣው መጠየቅም አያሻም፤ ከአንበሳ በላይ የሚጮህ የለምና።

የግልገሎቹ መምህር የኔታ ከርከሮ ነበር። ከሾላው ሥር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጆቹ ትምህርቱን በአንድ ድምፅ ሲያሰሙ ያዳምጣል። አንዲት ድምፅ ከጎደለች ወዲያው ያውቃል። ዘወትር የምትጎድለው ብርቄ የምትባል የሚዳቋ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ “ጥላ በቀትር ለምን ያጥራል? ንጉሡን ፈርቶ!” እያሉ ሲያስተጋቡ፣ እሷ መሐል ላይ ዝም ትልና መሬት መሬቱን ታያለች።

“ይህቺ ፈዛዛ!” ይልና ከርከሮ ፊቷን ወደ ሾላው ግንድ አዙሮ ያስቀምጣታል። ቅጣቱን የሚጋራት ኤሊ ብቻ ነው፤ የእሱ ጥፋት መዘግየት ነው። ከርከሮ ክፉ አልነበረም። ልጅ በጊዜ ካልተቀጣ ይበላሻል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

ንጉሡ ሊፈትን የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ፣ ከርከሮ አንድ ቀትር ላይ ልጆቹን ለዕረፍት ለቀቀና ጀርባውን ሊያክ ወደ ግንዱ ተጠጋ። ከወዲያ በኩል የብርቄን ድምፅ ሰማ።

“አየህ፣ ይህን እንጨት ጠዋት ነው የተከልኩት” ትለዋለች ኤሊን። “ያኔ ጥላው እስከዚያ ድንጋይ ይደርስ ነበር። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትወጣ አጠረ። ንጉሡ ደግሞ ዛሬ አደን ሄዶ ከደኑ የለም። ታዲያ ጥላው ማንን ፈርቶ ነው?”

“ለየኔታ ለምን አትነግሪያቸውም?”

“እኔ ደደብ አይደለሁ እንዴ? ደግሞ ይሳቅብኝ?”

ከርከሮ ማከኩን ተወ። ይህን ትምህርት የልጆቹን አባቶች ሳይቀር አስተምሯል፤ አንድም ቀን እንጨት ተክሎ አላየም። ልጅቱ ዝም የምትለው ስታስብ መሆኑ ገባው፤ ፊቱ በኀፍረት ጋለ። ሄዶ “ጎበዝ” ሊላት ፈለገ። ግን እንዲያ ካለ፣ ያን ያህል ጊዜ ማንን ወደ ግንድ አዙሮ እንዳስቀመጠ ማመን ሊኖርበት ነው። ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰ።

የፈተናው ጉባኤ ዕለት አንበሳ “ጥላ በቀትር ለምን ያጥራል?” ሲል ጠየቀ። “እርስዎን ፈርቶ!” የሚለው ጩኸት ደኑን አናወጠው። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው የጅብ ልጅ “ባለ ልዩ ተሰጥኦ” ተብሎ ተሾመ። ከዚያ የንጉሡ ዓይን ዝም ያለችው ላይ ዐረፈ።

“ይህቺስ?”

የንጉሡ አማካሪ ጦጢት ብድግ አለች። “ንጉሥ ሆይ፣ ድምፅ የሌላት እውቀቱን በምን ትይዘዋለች? በሕጉ መሠረት ከትምህርት ትሰናበት እንጂ።”

“ቆይ እስቲ” አለ ጎሽ ከኋላ። “የሚያውቃት መምህሯ ነው፤ እሱ ይናገር።”

ብርቄ መምህሯን ቀና ብላ አየችው። “ትጠየቅ” ቢል ይበቃት ነበር። ከርከሮ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ሥር እንደሚፈልግ ሁሉ መሬቱን በክራንቻው ይጭር ጀመር።

“እንግዲህ” አለ በመጨረሻ፣ “ሕጉማ ሕግ ነው።”

ብርቄም ተሰናበተች። ጉባኤው ሲበተን መጥታ፣ እንደ ተማሪ ወግ ጉልበቱን ሳመች።

“የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። በንጉሡ ፊት አሳፈርኩዎት።”

ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያስጮህ የኖረው መምህር “ያጠፋሁስ እኔ ነኝ” ሊል አፉን ከፈተ። ጎሽ ቆሞ ያየዋል፤ ጦጢትም ጆሮዋን ቀስራለች።

“ይቅር ብዬሻለሁ” አላት።