ስሙ ሳይነገር የቀረው መድኃኒት

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የጥርስ መድኃኒት አዋቂ። ጉንጩ አብጦ ሲያቃስት ያደረ ሰው ደጃቸው ይመጣል። እሳቸው ከጨርቅ ቋጠሮ ዱቄት ቆንጥረው በተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ ይወትፉለታል። ሰውየው እየመረቃቸው ይመለሳል። ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ ግን ማንም አያውቅም። ማለዳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ፣ ብቻቸውን ወጥተው ነው የሚቆርጡት። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ ኃይሉም ይሄዳል ይባላል። ለአንድ ልጅ ብቻ፣ ያውም በሞት አልጋ ላይ፣ በጆሮ ይነገራል። እሳቸውም ከአባታቸው የሰሙት እንዲሁ ነው።

ምእመናን፣ ይህን ልማድ የማታውቁት አላችሁ? የላችሁም። እናንተም ቤት አለ።

ልጃቸው እታለማ ተማረችና የጥርስ ሐኪም ሆነች፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም ምርምር ያዘች። ምርምሯን ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም። ጥርስ ሲበሰብስ ጀርሙ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ሐኪሙ ሥሩን ከፍቶ ያጥባል፣ መድኃኒት ያደርግበታል፣ ይደፍነዋል። ከድፍኑ ሥር ግን አንዳንድ ጀርም ተርፎ እንደገና ይነሣል። እሷም ይህን የማይሞት ጀርም የሚገድል ነገር ከአገራችን ዕፅዋት ትፈልግ ነበር። ትወቅጣለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታጠልላለች። ከዚያ ጀርም በተዘራበት ሳሕን ላይ ጠብ ታደርገዋለች። በማግስቱ በጠብታው ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ንጹሕ ክብ ካየች፣ ተክሉ ገድሏል ማለት ነው። ግራዋውንም ሞከረች፣ ዳማከሴውንም ሞከረች። ክቡ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም።

አንድ ጊዜ ከአባቷ ዱቄት ቁንጥር ያህል ለምና ወሰደች። በማግስቱ ንጹሑ ክብ ሳሕኑን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በተነቀለ ጥርስ ሥር ውስጥም አስገብታ ሞከረችው፤ ያም ጸዳ። ዱቄቱም በዚያው አለቀ።

እየበረረች አገሯ ገባች። ስሙን ንገረኝ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ስንት ሰው እንደሚድንበት ነገረቻቸው፤ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ለሕመምተኛ እንደማይሰጥም አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

«ስሙ ቢጠራ ለማንም አይሆንም። ያንቺው ነው ልጄ፤ ቀኔ ሲደርስ በጆሮሽ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ይወዷት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ክረምት ሲገባ የራሳቸው የመንጋጋ ጥርስ ታመመ። ከቋጠሮአቸው የቀረችውን የመጨረሻ ቁንጥር ወተፉበት፤ ሕመሙ ቆመ፤ «ዳንኩ» አሉ። አልዳኑም። ዱቄቱ እላይ ቀርቷል እንጂ ሥሩ ድረስ አልወረደም። ሕመሙ የቆመው የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ነው። መግሉ ግን በሥሩ በኩል ወደ መንጋጋቸው፣ ከመንጋጋቸው ወደ አንገታቸው ይወርድ ነበር።

እታለማ ተጠርታ ስትደርስ አንገታቸው አብጦ ከአገጫቸው እኩል ሆኗል። መንጋጋቸው ተቆልፏል፤ ጣት እንኳ አያስገባም። ጎረቤት ቃሬዛ አዘጋጅቷል። ሊያነሷቸው ሲሉ ሽማግሌው የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ። ቀናቸው ደርሷል፤ ያውቁታል። ጆሮዋን ወደ አፋቸው ሳቡት።

ምን ሰማች? ትንፋሽ ብቻ። እንደገና ታገሉ። ትንፋሽ ብቻ። እጃቸውን አንሥተው ከደጃቸው ፊት ወዳለው ኮረብታ ጠቆሙ፤ ኮረብታው ላይ የማይበቅል ነገር የለም። እንዳይጽፉላት ፊደል አልቆጠሩም። ቅጠል ይሁን ሥር፣ ያን እንኳ አታውቅም። ሽማግሌው አለቀሱ።

«ስሙ ይቅርብኝ አባባ። አንተ ብቻ ትረፍልኝ፤ ልቀቀኝና እንሂድ።»

አልለቀቁም። ለመናገር ሲታገሉ ጊዜው ሄደ። በጭቃው ተሸክመዋቸው ሲወርዱ፣ መኪና መንገዱ ጋ ሳይደርሱ አረፉ።

እታለማ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ያን ኮረብታ ትወጣለች። ትቆርጣለች፣ ትወቅጣለች፣ ጠብ ታደርጋለች። በማግስቱ ሳሕኑ ከዳር እስከ ዳር ጀርም ነው። ምናልባትም ተክሉ ለማገዶ ተመንጥሮ አልቋል። አንድ ቀን ታገኘዋለች ብዬ ላጽናናችሁ አልችልም። የማላውቀውን አልሰብክም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። መድኃኒቱን የደበቀስ ምን አለው?

እናንተስ፣ ምን ቋጥራችኋል? ለተኳረፋችኋት እህታችሁ «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚለውን ቃል ለሞት አልጋ ያቆያችሁ የላችሁም? ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይባልጋል ብላችሁ፣ ልጃችሁን አንድ ቀን እንኳ «ኮራሁብህ» ያላላችሁ የላችሁም? ለንስሐ አባታችሁ የምትናገሩትንስ «ሳረጅ» ብላችሁ ያሳደራችሁ? በመጨረሻው ቀን አፍ እንደሚኖራችሁ ማን ነገራችሁ?

እኔ ብዙ ሰው አስታምሜአለሁ። ጥሩልኝ ተብዬ ሄጄ፣ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ፣ ትንፋሽ ብቻ ሰምቼ የተመለስኩበት ቤት ይበዛል። ልጆቻቸው በር ላይ ጠብቀው «ምን አለ?» ይሉኛል።

አሁን «አሜን» አትበሉኝ። የእናንተ አሜን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቃሉን የሚጠብቀው ሰው እዚሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ ዝም እላለሁ፤ አፋችሁ ገና ይከፈታልና፣ እናንተ ተናገሩ።