የቁም እዝን

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው ያኔ ነው፤ የዓባይ በረሃ ዝንጀሮ ሰው መፍራት ሳይጀምር፣ መንገድ ሁሉ የእግር መንገድ ሳለ፣ ሰው የወዳጁን ሞት በቀንድ ድምፅ በሚሰማበት ዘመን።

ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ጉምአፍ የምትባል መንደር ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከጉሙ ነው። ጎህ ሲቀድ ገደሉ በጉም ይሞላል። ማዶ ያለው አገር ይጠፋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጉሙ ይነሣና ማዶ ያለው አገር እንደገና ቦታው ላይ ይገኛል። የጉምአፍ ሰው ይህን በየቀኑ ያያል፤ በየቀኑም ትንሽ ይገርመዋል።

በዚያች መንደር ባያብል የሚባል ሰው ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ሚስት የለው። ያለው አንድ የአጋዘን ቀንድ ነው። ሰው ሲሞት አፋፉ ላይ ይወጣና ቀንዱን ይነፋል። ድምፁ ጉሙ ላይ እየተራመደ ማዶ ይሻገራል። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ከዚያ ባያብል ቀንዱን አንግቶ ከቃሬዛው በአንዱ ጫፍ ይገባል። ለዚህም በመከር ጊዜ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለት ነበር።

እህሉን ይስጡት እንጂ እሱን ማየት አይወዱም። በመንገድ ብቅ ሲል ሴቶች ደረታቸውን ይይዛሉ፤ "ደግሞ ማን ሞተ?" ይሉታል። ምስኪን! ጨው ሊገዛ ሲወጣ እንኳ "ማንም አልሞተም፣ ገበያ ነኝ" እያለ ነበር የሚሄደው።

እሱን የማይፈሩት አንዲት ባልቴት ብቻ ነበሩ፤ እማማ እንጉዳይ። ባያብል በሕፃንነቱ እናትና አባቱን ፈንጣጣ ሲወስድበት አንስተው ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ኋላ ባላቸው ሞቱ። ልጆቻቸው አግብተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ባያብልም አደገና የራሱን ጎጆ ቀለሰ። ያ ትልቅ ገበታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

አንድ ዓመት እህል ተትረፈረፈ። በዚያው የጥጋብ ዓመት አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ሞቱ። ባያብል ቀንዱን ነፋ። ድምፁ ጉሙ ላይ እየተራመደ ማዶ ተሻገረ። ሰው መጣ፤ ተለቀሰ፤ ቃሬዛው ተነሣ። ያኔ ባያብል ክው አለ። ሬሳው ቀለለው። እውነት ሰውየው ይኖሩበት እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። አሉበት።

"ቀለሉኝ እኮ" አለው አብሮት የተሸከመውን።

"ሽማግሌ ይቀላል። ተሸከምና ዝም በል" አለው ሰውየው።

ከቀብር መልስ ሁሉም እዝን ሊቀምስ ወደ ሟቹ ቤት ገባ። የአገሩ ልማድ ነውና ጎረቤት ሁሉ ምግብ የሞላ ሌማቱን ተሸክሞ መጥቷል። ቤቱ በወጥ ሽታ ታወደ። ባያብል ውሃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ዘለቀ። ጎታው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ምድጃው ግን ከቀዘቀዘ ሰንብቷል፤ ሸረሪት አድርታበታለች። ጓዳው ውስጥ ቆመና የሰዉን ጫጫታ አዳመጠ። ይህ ሁሉ ሌማት ትናንት የት ነበር? አለ በልቡ። በዚያን ቀን እህል አልወረደለትም።

ከዚያ ወዲህ ሕልም ያይ ጀመር። በሕልሙ ቃሬዛ ተሸክሞ በጉሙ ላይ ይሄዳል። ጉሙ እንደ መሬት ያስረግጠዋል። ዞር ሲል ቃሬዛው ላይ እማማ እንጉዳይ ቁጭ ብለው ስፌት ይሰፋሉ። "ከበድኩህ ልጄ?" ይሉታል። "ኧረ እማማ፣ ምንም አይሉኝ" ሊል አፉን ሲከፍት ይባንናል።

ሕልሙ ሲደጋገምበት ጊዜ ወደ እሳቸው ሄደ። ለካ ለብዙ ጊዜ ልብ ብሎ አላያቸውም! ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ በክር አስረውታል። ፊታቸው ጠውልጓል፣ እግራቸው ግን አብጧል። ከደጅ እስከ ጓሮ ለመድረስ መንገድ ላይ ቆም ብለው ያርፋሉ።

"ምነው እማማ?"

"ልቤ ናት። እንደ ተያዘች ወፍ እየተንፈራገጠች አስቸገረችኝ" ብለው ሳቁ።

ባያብል ቆሎ ይዞላቸው መጣ። ጥርስ የሌለው ሰው ቆሎ ምን ያደርግለታል? ቂል ነበር፤ ግን ቂልነቱን ቶሎ አወቀ። ቆሎውን ትቶ የገብስ አጥሚት አመጣ። እሳቸውም መርቀው ይቀበሉታል። በማግስቱ "በሉ ወይ?" ሲላቸው "ጠግቤ" ይሉታል። አንድ ቀን እንቅቡን ቢያነሳ አጥሚቱ በየጣሳው ሻግቶ አገኘው። እማማ እንጉዳይ የሚቀምሱት ነገር ቢኖር ጨው ነበር፤ ምላሳቸው ሌላ ጣዕም አልለይ ብሎ አሞሌ እየላሱ ይውሉ ነበር።

"ለምን ይዋሹኛል?" አለ ባያብል ተቆጥቶ።

እማማ እንጉዳይ አንገታቸውን ደፉ። "ብቻዬን ስጎርስ፣ ልጄ፣ እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል" አሉት።

ባያብል ገበታውን ከግድግዳው አወረደ። አሞሌውን አንስቶ ጓዳ ደበቀ። ቁጭ ብሎ አንድ ጎረሰ፤ እሳቸውም አንድ ጎረሱ። ደግሞ ጎረሰ፤ ደግሞ ጎረሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባያብል ብቻውን በልቶ አያውቅም። የእማማ እንጉዳይም ፊት ቀስ በቀስ ተመለሰ።

አሁን ችግሩ መጣ። በገብስ አጨዳ ሰሞን ማዶ አንድ ባላባት ሞቱና ባያብል መጥቶ ይንፋላቸው ተባለ። ሲሄድ በየጎረቤቱ ደጅ ቆሞ "እማማን አደራ" አለ። ሁሉም "እሺ" አለ። ሁሉም ሌላው የሚያያቸው መሰለው። ባያብል ማዶ ደርሶ ሊመለስ ሲል ዓባይ ሞላና እዚያው አገተው። በየማለዳው ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ ውሃውን ያያል፣ ይመለሳል። ሕልሙም በየሌሊቱ ይመጣል። ቃሬዛው እየቀለለ ሄደ።

ውሃው ሲጎድል ተሻገረ። ወደ መንደሩ የደረሰው በማለዳ ነው፤ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ ከእማማ እንጉዳይ ቤት ግን አይወጣም። ሮጠ። ምድጃው ሥር ወድቀው አገኛቸው። ሲያነሳቸው ቀለሉት፤ ልክ እንደ አያ ቸኮል። ጆሮውን ደረታቸው ላይ አደረገ። ልባቸው ትመታለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትመታለች።

"አልበሉም?" አላቸው።

"አንተ አልነበርክማ" አሉ።

ባያብል ውጭ ወጥቶ ተጣራ። ማንም አልሰማውም፤ ሰው ሁሉ ወደ አጨዳ እየወረደ ነው። ለደከሙ ባልቴት ማጭድ የሚጥል የለም። ለሞተ ግን ሁሉም ይጥላል፤ ሌማቱንም ይዞ ይመጣል። ባያብል ቀንዱን አየው። በጉምአፍ ሕግ በቁም ሰው ላይ የነፋ ቀንዱ ይሰበራል፣ እሱም ከአገር ይወጣል። ቀንዱን ነፋ። ድምፁ ጉሙ ላይ እየተራመደ ማዶ ተሻገረ።

ሰው መጣ። ከጉሙ ውስጥ እያለቀሰ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ያለውን ሌማት ተሸክሞ መጣ። ፊት ፊት ይመጡ የነበሩት ሴቶች ወደ ቤት ገብተው ቀጥ አሉ። እማማ እንጉዳይ በባያብል ደረት ተደግፈው ቁጭ ብለው ያዩዋቸዋል። አንዷ "ወይኔ፣ ሬሳዋ ተቀመጠች!" ብላ ወደ በሩ ፈረጠጠች።

ተገኘ የሚባለው የመንደሩ ጭቃ ሹም ሰዉን እየገፋ ገባ። "አንተ ሟርተኛ! በቁም ሰው ላይ ትነፋለህ? አምጣ ቀንዱን!"

ባያብል ሳይከራከር ሰጠው። "ይስበሩት ጌታዬ። እኔም እሄዳለሁ። ግን ሌማቱ መጥቷል፤ ይከፈት። ሲሞቱ ልትበሉላቸው ያመጣችሁትን አሁን አብራችኋቸው ብሉ።"

ቅድም የፈረጠጠችው ሴት ከበር ተመለሰች። ሌማቷን ከፍታ እንጀራውን በወጥ አለሰለሰችና ለእማማ እንጉዳይ አጎረሰቻቸው። ሰው ሁሉ ጉሮሯቸውን ያይ ጀመር። ዋጡ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አሉ እማማ እንጉዳይ በቀጭን ድምፅ። "የገዛ እዝኔን ብቻዬን ልበላው ነው?"

ሰዉ ዕንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ቁጭ ቁጭ ብሎም በላ።

ጭቃ ሹሙ ብቻ ቆሞ ቀረ። ቀንዱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሊሰብረው ነው። ግን አልሰበረውም። ከግቢው ጓሮ ባለችው ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩት እናቱ ትዝ አሉት። እህል ሲቀምሱ መጨረሻ ያያቸው መቼ ነው? ቢያስብ አጣው። ቀንዱን ለባያብል መለሰለት። ከሚስቱ እጅ ሌማቱን ተቀበለና ወጣ። ቀጥሎ ሌላው ሌማቱን አንስቶ ወጣ። ቀጥሎም ሌላው። በደጅ ቆሞ ላየ ሰው ሌማት የተሸከሙ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ወደየአዛውንቱ ጎጆ ይበታተኑ ነበር።

እማማ እንጉዳይ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አዩ። ያ የልብ ነገር ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ዳገት ላይ ቆም ይላሉ፣ ያርፋሉ። ገበታቸው ግን ዳግመኛ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ሲሞቱ ባያብል ራሱ ሸምግሎ ነበር። ቀንዱን ነፋ። ድምፁ ጉሙ ላይ እየተራመደ ማዶ ተሻገረ። "አንተ ተው፣ አርጅተሃል" ቢሉት እምቢ አለና ከቃሬዛው ሥር ገባ። ትከሻው ጎበጠ። በጉሙ ውስጥ ሲሄዱ ያቺ የሕልሙ ድምፅ መጣች። "ከበድኩህ ልጄ?"

"ከበዱኝ እማማ!" አለ ባያብል ጮክ ብሎ። "እሰይ፣ ከበዱኝ!" ሰው ሁሉ ሰማው፤ እሱም እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

እንግዲህ ጉምአፍ ብትሄዱ ማለዳ ላይ አጠር አጠር ያለ የቀንድ ድምፅ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ፤ የሞት አይደለም፣ የሞቱ ረጅም ነው። ይሄኛው የቁም እዝን ነው። ሰው ሌማቱን ይዞ ወደ አዛውንቱ ቤት ይገባል፤ ሽማግሌው ወይ ባልቴቷ ሳይጎርሱም አይነሣም። አዛውንት ሲቀበርም ልጆቹ ዕንባቸውን ከመጥረጋቸው በፊት ተሸካሚዎቹን ይጠይቃሉ፤

"ከበዱ?"

ተሸካሚዎቹም ትከሻቸውን እያሹ "እንደ ባያብል እናት" ይላሉ።