ሞራ ጠባቂው አያ ጅቦ

ተረት ልንገራችሁ ልጆች፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የመጣበት ወደ ግድግዳው ይሂድ።

በድሮ ዘመን፣ ጅብ ገና ከሰው መንደር ሳይባረር፣ እማማ አዛለች የሚሏት ባልቴት የውሃ ወፍጮ ትጠብቅ ነበር። ወንዙ መዘውሩን ይመታል፣ መዘውሩ ግንዱን ያዞራል፣ ግንዱ ድንጋዩን ያዞራል። ግንዱ የሚዞረው የወይራ እንጨት ላይ ተቀምጦ ነው። ትራስ ይሉታል። ትራሱ ማታ ማታ ሞራ ይቀባል። ካልተቀባ እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት ነው።

መንደርተኛው ተሰብስቦ መከረ። "ሞራውን ማን ይጠብቀው? ትራሱንስ ማን ይቅባው?"

ብልህ ነኝ ባዩ ጭቃ ሹም ደምለው፣ "አያ ጅቦ ነዋ! ከጅብ የሚሰርቅ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አለ።

"እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ ሁሉም። ጉድ እኮ ነው! አንድ ሰው እንኳ "ጅቡስ?" ብሎ አልጠየቀም።

ክረምት ተቃረበ። ወንዙ ከሞላ ወፍጮውን ውሃ ይውጠዋል፤ እስከ መስከረም አይፈጭም። ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ መጣ። ጭቃ ሹሙ እማማ አዛለችን ጠራት።

"ወንዙ ሳይሞላ ወፍጮው ቢቆም አገር ይራባል። ያን ጊዜ ከዚህ መንደር ትወጫለሽ።"

ሌላ መጠጊያ የላትም። ፈራች።

በማግስቱ ግንዱ "ሲጢጥ" አለ። አዛለች ደነገጠች።

"አያ ጅቦ፣ ትራሱን ቀብተኸዋል?"

"እናቴ ትሙት፣ ቀብቻለሁ!" አለ ጅቦ አፉን እየጠረገ።

በሦስተኛው ቀን ግንዱ "ሲጢጥ፣ ሲጢጥ" አለ። ጭስ ሸተተ። አዛለች ወደ ጅቦ ሮጠች።

"አያ ጅቦ፣ በእውነት ቀብተኸዋል?"

"አባቴ ይሙት፣ ቀብቻለሁ!" አለ። ከንፈሩ በስብ ያበራል። ምን ታድርገው? እሱ ጉልበተኛ፣ እሷ ብቻዋን። ለሰው ብትናገር "ከጅብ ማን ይሰርቃል?" ይሏታል።

በማግስቱ ግንዱ ጮኸና ቀጥ አለ። ከትራሱ ፍም ወደቀ። አዛለች ውሃ ደፋችበት። ወይራው ከስሎ ተቦርቡሯል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ ከላይ አገር ነጎድጓድ ይሰማል።

"እስከ ነገ ጠዋት ነው" አላት ጭቃ ሹሙ። "ካልዞረ ጓዝሽን ጠቅልዪ።"

አዛለች ቤቷ ገባች። እርጥብ ወይራ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ወይራ ከየት ይምጣ? ቀና ብትል የገዛ በሯን ጉበን አየች። ወይራ ነው፣ ዘመናት የጠጣው ጭስ አድርቆታል። ነቀለችው። ጠርባ አዲስ ትራስ አበጀችና ለራሷ ያስቀመጠችውን ሞራ አቅልጣ ትራሱን ቀቀለችበት። እንጨቱ አረፋ ተፋ፣ ተፋ፣ ተፋ። አረፋው ሲያልቅ ሞራ እስከ ልቡ ጠግቦ ነበር።

ከድስቱ የተረፈውን ሞራ ኮሶ ወቅጣ ለወሰችበት። ጅቦ ወደሚጠብቀው ገንቦ ጨመረችና፣ "አያ ጅቦ፣ አደራህን፣ አዲሱን ትራስ ዛሬ ሳይመሽ ቅባው" አለችው።

በነጋታው ሰው ሁሉ ወፍጮው ደጅ ተሰበሰበ። ገንቦው ባዶ ነው።

"አያ ጅቦ፣ ቀብተኸዋል?" አለች።

"እኔ ልሙት፣ ቀብ..."

ሆዱ ጮኸ። ጅቦ እግሩን አጠላለፈ።

"ከሞራው ጋር ኮሶ ለውሼ ነበር" አለች አዛለች ለጭቃ ሹሙ። "እንጨት ኮሶ ቢቀቡት ምንም አይሆንም። የበላው ግን አሁን ይታያል።"

ታየ! ጅቦ ጅራቱን ቆልፎ ወደ ጫካው ሮጠ፤ እየሮጠም... ተዉት፣ ልጆች ናችሁ። ሰዉ በድንጋይ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ ጅብ መንደር የሚመጣው ተደብቆ ነው።

አዛለች አዲሱን ትራስ አስገብታ ውሃውን ለቀቀችው። ግንዱ ዞረ። "ሲጢጥ" ይል ይሆን ብላ ጆሮዋን ደቀነች። ዝም። እየፈራች እንደገና ደቀነች። ዝም። የመጨረሻው ስልቻ ተፈጭቶ ሲወጣ ወንዙ ሞልቶ የወፍጮውን ደጅ አለፈ።

ጭቃ ሹሙ አንገቱን ደፋ። በማግስቱ የራሱን በር ጉበን ነቅሎ ለእማማ አዛለች በር ገጠመላት።

ለዚህ ነው "ሞራ በጅብ ያስጠበቀ፣ ጭስ ሲያይ አይደነቅ" የሚባለው። ተረቴን መልሱ፤ ዱቄቱ እንደሁ ተፈጭቷል፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ።