ካባዋን የቆረጠችው ጉሬዛ

አንድ ጊዜ ጥቅጥቅ ባለ የዝግባ ደን ውስጥ ዘንፋይ የምትባል ወጣት ጉሬዛ ትኖር ነበር። ጉሬዛዎች ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው የሚወርደውን ረጅም ነጭ ጸጉር «ካባ» ይሉታል። ዘንፋይ ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ ይዛው የኖረችው ጥያቄም ስለዚሁ ነበር፤ «በዚህ ሙቀት ካባ የምንደርበው ለምንድን ነው?»

እናቷን ብትጠይቅ «ነውር ነው!» አለቻት። አክስቷን ብትጠይቅ «ዝም በይ፣ ነውር ነው!» አለቻት። ታላቅ ሲመጣ ከቅርንጫፍ ተነስቶ «ኖር!» ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ ስትጠይቅም መልሱ ያው ነበር።

ከዛፉ ሥር ደግሞ አያ ጅቦ ሆዱ እየጮኸ ከእመት ቀበሮ ጋር ይዞራል።

«እመት ቀበሮ፣ እንዲያው አንዷን እንኳ አያዳልጣትም?»

«በካባቸው እየተንሳፈፉ እንዴት ይወድቃሉ? እስቲ ካባው ይነሳ፣ ያኔ ታያለህ።»

«ካባውም ይበላል?»

«አንተ ብቻ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ!»

በማግስቱ ቀበሮ ከሥር ሆና ዘንፋይን ጠራች። «አንቺ ቆንጆ! ይህን የመሰለ ወገብ ሸፍነሽ ለማን ልታስቀምጪው ነው? ሜዳ ላይ ወጣቱ ሁሉ ተቆርጦ አምሮበታል። ካባ የቀረው ለአሮጊት ነው።»

«ነውር ነው ይሉኛል።»

«ለምን ነውር እንደሆነ ነግረውሻል?»

አልነገሯትም።

«አየሽ! ራሳቸውም አያውቁትም። ደግሞ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ብድግ የምትዪው ገረዳቸው ነሽ?»

ዘንፋይ ካባዋንና የጭራዋን ጎፈር በጥርሷ ቆራርጣ ጣለች። ጓደኞቿ «ውይ፣ ስታምሪ!» አሏት። እናቷ ፊቷን አዞረች።

ቀትር ላይ የደኑ ሽማግሌ አባ ጉሬዛ እያለከለኩ ወጣቶቹ ወደተቀመጡበት ቅርንጫፍ መጡ። ጓደኞቿ «ኖር!» ብለው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ዘለሉ።

«በእግዜር፣ ልጆቼ» አሉና ዘንፋይን አዩዋት። ንቅንቅ አላለችም።

«ቅርንጫፉ የሁላችንም ነው፣ አባባ። ጠጋ ብለው ይቀመጡ።»

«ይሁን» ብለው ተቀመጡ። ቅርንጫፉ ግን ሁለቱን አልቻለም፤ ቋ! ብሎ ተሰበረ። አባ ጉሬዛ ካባቸውን ዘርግተው እየተንሳፈፉ ሌላ ዛፍ ያዙ። ዘንፋይም ዘለለች፤ የሚያንሳፍፋት ስላልነበረ ግን እንደ ድንጋይ መሬት ላይ ወደቀች።

አያ ጅቦ ተወርውሮ በእግሩ ተጫናት። ይህን ያዩት አባ ጉሬዛ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ወርደው ካባቸውን ዘረጉ። ያኔ የራሳቸውን እጥፍ አከሉ።

«አያ ጅቦ! ያቺን አጥንት ትግጣለህ ወይስ እኔን ትበላለህ?»

«እመት ቀበሮ፣ ትልቁ ይሻላል!»

«አንተ ደደብ፣ የያዝካትን ያዝ!»

ጅብ ግን ዘንፋይን ለቆ ዘሎ ነበር። አፉ ውስጥ የገባችው ጭብጥ የምታህል ነጭ ጸጉር ብቻ ሆነች። እሱ ጸጉሩን ሲተፋ፣ ቀበሮ ስትሰድበው፣ ዘንፋይ እያነከሰች ግንዱን ይዛ ወጣች።

ትንፋሿ ሲመለስ፣ «አባባ፣ የካባውም የመነሳቱም ምክንያት ይህ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

አባ ጉሬዛ የተነጨ ትከሻቸውን አከኩ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፤ እኔንም ‹ነውር ነው› አሉኝ እንጂ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ዛሬ ካንቺው ጋር አየሁት። የመነሳቱ ነገር ግን ቅርንጫፉ ባይሰበርም ደስ ይለኛል። ድካሜን የሚያይልኝ አለ ማለት ነው።»

ዘንፋይ አቀረቀረች። ትንንሾቹ ጉሬዛዎች ተሰብስበው «ምን ሆነሽ ነው? ካባሽስ?» እያሉ ያዋክቧት ጀመር። እናቷ ልታባርራቸው ስትነሳ ዘንፋይ ከለከለቻት። ጸጉሯ እስኪያድግ ላትደበቅ፣ የጠየቃትንም ሁሉ አጠገቧ አስቀምጣ ያለ ቁጣ ልታስረዳ ወሰነች።

ከዚህ የምንማረው ወጣት ጨዋነትን ከመጣሉ በፊት ምክንያቱን አጥብቆ መጠየቅ፣ ታላቅም «ነውር ነው» ከማለቱ በፊት ምክንያቱን አስቦ ማስረዳት እንደሚገባው ነው።