ሥዕሉ ሥር የተቀመጠው ብልቃጥ

አንዲት ሴት ልጇ ተሰዶ ከሄደ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጎረቤት «ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲላት «ደህና ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እንቅልፍ ግን የለም።

ወገኖቼ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የማይሞክረው ነገር አለ? ወተት ጠጣች፣ እግሯን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈች፣ ዳዊት ደገመች። በኋላ የእህቷ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ብልቃጥ ዘይት አመጣላት። ሄምፕ ከሚባል ተክል የወጣ ነው፣ ከሐሺሹ ከካናቢስ ዝርያ። «አክስቴ፣ ይሄ አያሰክርም። ከምላስሽ ሥር ጠብ ስታደርጊው ያዝናናሻል» አላት።

ግን ብልቃጡ ላይ ቅጠሉ ተስሏል። ያቺን ቅጠል ደግሞ የማያውቃት የለም! ሰው ቢያይ ምን ይላል? ስለዚህ ዘይቱን ባዶ የቅብዓ ቅዱስ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠችና ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠችው። አትሳቁ። ማን እዚያ ይጠረጥራል?

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቷ ትርንጎ ሕፃን ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጁ በትኩሳት ይነዳል። «እትዬ፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው። ከቅብዓ ቅዱሱ አፉ ላይ ትንሽ ጠብ ላድርግለት» ብላ ብልቃጡን አነሳች።

ምን ትበል? «አልቋል» እንዳትል፣ ሞልቶ ይታያል። ዝም እንዳትል፣ ሕፃን ነው። ከእጇ መነጨቀቻት። «ተዪ! ቅብዓ ቅዱስ አይደለም! የእንቅልፍ ዘይት ነው፣ የእኔ ነው» አለች። መግቢያ ቀዳዳ አጣች።

ትርንጎ ሐኪም ቤት ሮጠች፤ ልጁም ተሻለው። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። ልትወቅሳት መሰላችሁ? አጠገቧ ቁጭ አለችና «እትዬ፣ ለምንድን ነው የማይተኙት?» አለቻት።

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም! ሴትዮዋ አለቀሰች። «ልጄ ምሕረተአብ ደህና ገባ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ ካለኝ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

ትርንጎ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምሕረተአብ አብራት ትጸልያለች። ተኛች ወይ ትሉኛላችሁ። አንዳንድ ቀን።

ወገኖቼ፣ የዘይቱን ነገር ሐኪም ጠይቁ። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ብልቃጡ ነው። ያቺ ሴት ዘይቱን በቅብዓ ቅዱስ ብልቃጥ ከመደበቋ በፊት፣ ጭንቀቷን «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚል ቃል ደብቃው ነበር። እኛስ? ምስጋና ቅዱስ ነገር ነው። ለምን መሸፈኛ እናደርገዋለን? አምላክ እንደሆነ የውስጡን ያውቃል። የማያውቀው አጠገባችሁ የቆመው ወንድማችሁ ነው።

አሁን ስንወጣ፣ በር ላይ ጫማችሁን ስታደርጉ፣ አንድ ሰው «እንደምን ናችሁ?» ይላችኋል። አትቸኩሉ። እውነቱን ንገሩት። ጠያቂዎቹ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መልሱን ሳትሰሙ አትሂዱ።