የአያ ቸኮል ግራ ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ጥርሴ ገና አፌን ሳይለቅ፣ አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዝ ማዶ ያለች ቁንጫ ወንድ ትሁን ሴት ለይተው ይናገሩ ነበር፤ በሬ የጠፋበት ሁሉ ደጃቸው ይሰለፋል። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ግን ትከሻቸው ደርቆ ጋቢ መደረብ አቃታቸው፤ ራሳቸውንም ያማቸው ጀመር።

የበኩር ልጃቸው አንለይ ወጌሻ ነው፤ ጣቱ በግድግዳ በኩል ስብራት ያገኛል። «ወለምታ ነው» ብሎ ሰባት ሳምንት በቅቤ አሻቸው፤ እንደ ቆዳ አለፋቸው። በስምንተኛው ሳምንት ጆሮ ግንዳቸውን ቢዳስስ፣ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠጥሯል፤ ትርታም የለው።

«ይህስ የእኔ አይደለም! ዛሬውኑ ሆስፒታል!» አለ።

የሁለተኛው ልጃቸው የደምመላሽ ሀብት ደግሞ እግሩ ነው። አባቱን አዝሎ የሁለት ቀን ዳገት በግማሽ ቀን ጨረሰው፤ ሚዳቋ አይታው አፈረች። ከተማው አፋፍ ላይ ግን የአማቾቹን የልቅሶ ድንኳን አገኘ። ልቅሶ ታይቶ ይታለፋል? ገባ። አያ ቸኮል ንፍሮ ቢቀርብላቸው መንጋጋቸው አላላምጥ አለ።

«ልጄ፣ መሸ እንዴ?»

«ኧረ አባ፣ ገና ቀትር ነው!»

ቀኝ ዓይናቸው እዚያው ጠፋች። ለቀስተኛውም ባንድ ድንኳን ሁለት ልቅሶ ደረሰው።

ሴት ልጃቸው አስረበብ ሆስፒታሉ ውስጥ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ናት። ደምመላሽ አባቱን ሲያደርስላት መሣሪያውን ጆሮ ግንዳቸው ላይ ብታሳርፍ፣ የደም ሥሩን የከበበ ጥቁር ቀለበት አየች። «ሥሩ ተቆጥቶ አብጧል፤ ዓይን የሚያጠፋው ይህ ነው፤ ሁለተኛዋም ልትጠፋ ነው!» ብላ ሐኪሙን በጋዋኑ ጎትታ አመጣች። መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተሰጠ፤ ግራ ዓይናቸው ተረፈች። ይህችው አስረበብ ግን ከወር በፊት አባቷ ደውለው «ማበጠሪያ ራሴን ሲነካው ያመኛል» ቢሏት፣ «የትኛውን ፀጉር ሊያበጥሩ ነው አባ?» ብላ እየሳቀች ስልኩን የዘጋች ናት።

አያ ቸኮል ሦስቱንም አልጋቸው ፊት አቆሙ።

«አንዲት ዓይን ቀረችኝ፤ ለሦስት አትበቃም። አንዳችሁን እያየሁ እሞታለሁ። የቀራችሁት ዓይናችሁን ላፈር!»

«ጣቴ ባያገኘው ኖሮ...»

«እኔ ባላዝልዎ...»

«እኔ ባላየው...»

«ጥፋታችሁንስ የሚቆጥርልኝ የለም?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ያቺን ዓይን ሲገልጧት ፊት ለፊታቸው መቆም የሚገባው ማነው?